ቤዝ ልማር ወደ ማንኩሳ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ተቀምጦ ጎጃምን በካርታ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነው። እኔም እስካለፈው ጥር ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል፣ ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል፣ ቤዝ ጊታር መማር ከጀመርኩ ደግሞ ገና ዓመት ቢሆነኝ ነው። የሚስቅ ይሳቅ፤ ሰፈሩ ሁሉ ስቆብኝ ስለጨረሰ ለምጄዋለሁ።

በልጅነቴ ከቤታችን ግንብ ማዶ የወታደሮች ክበብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ባንድ ሲጫወት የዘፋኙ ድምፅ እኛ ዘንድ አይደርስም። የሚደርሰው የግድግዳችንን ኖራ የሚያራግፍ፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚመታ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ቤዝ የሚባል ነገር መሆኑን ያወቅኩት አርጅቼ ነው። አምና ልጄ "ለልደትሽ ምን ልግዛልሽ?" ሲለኝ "ያንን ድምፅ" አልኩት፤ አሮጌ ቤዝ ጊታር ፈልጎ አመጣልኝ። የሰፈራችን የጊታር አስተማሪ እጄን አይቶ፣ "እማ፣ አቦ ላንቺ እንኳ ክራር ይሻልሻል" አለኝ። እልህ ያዘኝ። አንድ ዘፈን፣ አንዲት ብቻ፣ ሰው ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልጫወት አልሞትም ብዬ ማልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

የዚያን ክበብ ቤዝ ተጫዋች ጠይቄ አጠያይቄ ስልኩን አገኘሁ። ይርሳው ይባላል። ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል፣ ጎጃም ማንኩሳ አጠገብ በርበሬ ያመርታል አሉኝ። ደወልኩና እንደ አገሬ ልማድ "ሄሎ፣ አንተ ይርሳው ነህ?" አልኩት። "አንተ?" አለኝ። እኛ ድሬ ሽማግሌ የለ ሹም የለ፣ ሁሉም አንተ ነው። ከዚያ ሳቀ። "ድሬ ነሽ አይደል?" አለኝ። "ነይ፣ አስተምርሻለሁ። በጥር መጨረሻ ሃብታም ልትዳር ነው። በሠርጓ ቤዝ እጫወትላታለሁ ብዬ ገና በአንቀልባ ሳለች ቃል ገብቻለሁ። በዚያ ሰሞን ነይ።" እኔ አንዲት ሀብታም ሴትዮ ልታገባ ነው ብዬ የክት ቀሚስ ሰፋሁ። ሃብታም የልጅ ልጁ ስም መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ደርሼ ነው።

ሰኞ

ከድሬ አዲስ አበባ የመጣሁበትን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላደክማችሁም። የአውቶቡሱ ረዳት ጊታሬን አይቶ፣ "ይኸን የሬሳ ሳጥን ጣሪያ ላይ እናውጣው" አለኝ። "እኔንም አብረህ ካወጣኸኝ" አልኩት። አዋሽን እስክናልፍ ተኮራርፈን፣ አዳማ ላይ ብርቱካን ሰጥቶኝ ታረቅን። እግሬ መሐል አቅፌው ስለዋልኩ አዲስ አበባ ስወርድ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ።

ማክሰኞ

የጎጃም መንገድ አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፈታል። እኔ የሄድኩት በተከፈተበት ሰሞን ነው። አባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ "እሰይ፣ ድሬ ገባሁ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ አጠገቤ ያሉት ሰዎች ግን በጋዜጣ እያራገቡ ያምላክ ያለህ ይሉ ነበር።

ሽቅብ ወጥተን አንድ ኬላ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ልጅ እግር ነው፤ ረጅሙን ሻንጣዬን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ "ይኸ ምንድን ነው እናት?" አለኝ። ምላሴን ይቁረጠውና "መሣሪያ ነው" አልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ከእኔ ራቅ ራቅ አለ። አንዲት ሴት ልጇን ሳበች። ፈታሹም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "የሙዚቃ! የሙዚቃ! ወላሂ የሙዚቃ ነው!" ብዬ ስጮህ ዚፑ አልከፈት አለኝ። ሲከፈትና ልጁ ሲያየው መጀመሪያ እፎይ አለ፣ ቀጥሎ ሳቀ። "እስቲ ይጫወቱት" አለኝ። ክሯን መታሁ፤ ያለ ኤሌክትሪክ ድምፅ የለው፣ እንደ ዝንብ ጥዝ አለች። "ይኸማ ምኑን መሣሪያ ሆነ!" ብሎ አሳለፈን። ከዚያ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ "ባለ መሣሪያዋ" እያለ ቆሎና ዳቦ አቀበለኝ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ጀንበር አዘቅዝቃለች። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ እኩያዬ የምትሆን ሴት፣ "እንዴት ዋሉ፣ ደከምዎ?" ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞርኩ። ለካ አንቱ የተባልኩት እኔ ነኝ! ድሬ እድሜ ልኬን ኖሬ አንድም ሰው አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ሲመሽ ብርዱ አጥንቴ ገባ። እኛ በዚያ ወር ማራገቢያ እናጠፋ እንደሆነ ነው እንጂ ብርድ ልብስ የምንፈልግ አይደለንም። ሴትዮዋ ከትከሻዋ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችልኝና፣ "ጠዋት ይመልሱልኛል" ብላ ሄደች። ማን መሆኔን እንኳ አላወቀችም።

ረቡዕ

በሚኒባስ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ በፈረስ ጋሪ ወደ ገጠሩ። አንቱታውን መንገድ ላይ ልለማመድ ብዬ ባለጋሪውን "አንቱ፣ ቀስ ይበሉ" ስለው ወጣት ነበርና አፈረ። ኋላማ ተቀላቀለብኝና ፈረሱንም "ቀስ ይበሉ" ማለት ጀመርኩ። የጤፍ ክምር ያልተወቃበት አውድማ በየቦታው አለ። በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። እኛ በርበሬን የምናውቀው ተፈጭቶ በላስቲክ ታስሮ ነው።

በር ላይ የተቀበሉኝ የጋሽ ይርሳው ባለቤት እማማ አንጓች ናቸው። ጉንጬን ደጋግመው ስመው ሲያበቁ፣ "ምን ልትማሪ መጣሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ቤዝ።"

"ቤዛ? እሰይ! በዚህ ዘመን ቤዛ ልማር የሚል ሰው ከየት ተገኘ!"

"ቤዛ አይደለም እማማ፣ ቤዝ ነው። በ'ዝ' ነው የሚያልቀው።"

"እኮ፣ ቤዛ" አሉኝ፣ አልሰማ ብዬ የደከምኳቸው ይመስል።

ከውስጥ የሽማግሌ ሳቅ መጣ። "ተያት፣ ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ኖራ ቤዝ ማለት አልሆነላትም።" ጋሽ ይርሳው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ ነው። ስልክ ላይ አንተ ያልኳቸው ሰው እኚህ ናቸው? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀኝ እጃቸውን ብቻ ሰጡኝ፤ ግራው ጋቢ ውስጥ ቀረ። ይህ አገር እንግዳ የሚጨበጠው በሁለት እጅ መሆኑን በአንድ ቀን ውስጥ ስላየሁ ነገሩ ገረመኝ። ከድሬ ያመጣሁትን በስኳር የተነከረ ሙሸበክ አቀረብኩ። ጾም ስለሆነ ቅቤ አለበት የለበትም ተብሎ እማማ አንጓች ብዙ መረመሩኝ። በመጨረሻ ፈቀዱና ከሽሮው ጎን እንደ ወጥ አድርገው እንጀራው ላይ አቀረቡት። ሙሸበክ በሽሮ በልታችሁ የማታውቁ አትሞክሩት።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ይርሳው ጊታሬን አስመጥተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ቀኝ እጃቸው ክሩን ሲነካ እጁ ወጣት ሆነ። ግራውን ግን አላወጡም። "አየሽ ልጄ" አሉኝ፣ "ባለፈው ክረምት ጎኔን አመመኝና ጣቶቼ በድን ሆነው ቀሩ። ስትደውይልኝ ይሻለኛል ብዬ ነበር። አልተሻለኝም። ሃብታም ባሕር ዳር ሆስፒታል ነርስ ናት፣ አታውቅም። ብታውቅ ሠርጉን ትታ እኔን ይዛ ስትንከራተት ትከርማለች። እሑድ ነው ሠርጉ። አንቺ ተጫወችልኝ።"

"እኔ? እኔ እኮ አንድ ዘፈን እንኳ ጨርሼ አላውቅም።"

"አንድ ዘፈን ነው የምፈልገው። የገባሁት ቃል አንድ ነው።"

እማማ አንጓች ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰፌድ ያራግፋሉ፤ የሚራገፍ ነገር ግን አልነበረበትም። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ሐሙስ

ቃሉን ከሰጠሁ በኋላ የጊታሬ ገመድ፣ ያ ከድምፅ ማጉያው የሚያገናኘው፣ መንገድ ላይ ተቆርጦ አገኘሁት። ጋሽ ይርሳውና እኔ ቡሬ ወረድን። ቡሬ የገበያ ከተማ ናት፤ የበርበሬው ጆንያ እንደ ግድግዳ ተደርድሯል። አንዴ አስነጠሰኝና ማቆም አቃተኝ፤ የማያውቀኝ ሁሉ "ይማርዎ፣ ይማርዎ" እያለኝ አለፈ። እኛ ጋ ቢሆን "አቦ ወደዚያ ዙሪ" ነበር የምባለው። የሬዲዮ ጠጋኙ ገመዴን ልጦ በየደልኝ፣ ሻይም ጋበዘን። ለሠርጉ የተቀጠረውን ኪቦርድ ተጫዋች እዚያው አገኘነውና አንድ የአገሩን የሠርግ ዘፈን ሞከርን።

ጉድ ፈላ። ለካ ዓመት ሙሉ የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። እጄ አራት አራት እየቆጠረ ነው የለመደው፤ የጎጃም ዘፈን ችክችካ ነው፣ እያነከሰ የሚሮጥ። ግራ እጄ የቱን ክር መቼ እንደሚይዝ በደንብ ያውቃል። ቀኝ እጄ ግን አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፣ እኔ "አንድ" ስል ዘፈኑ ሄዷል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ልጅ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ።  ጋሽ ይርሳው ስንመለስ ጋሪው ላይ፣ "ነገም ቀን ነው" ብቻ አሉኝ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፤ ግን ለማን ብዬ? ቤት ስደርስ የጊታሩን ጫፍ በእማማ አንጓች የእንጨት ሳጥን ላይ አስደግፌ፣ ሳጥኑ ድምፁን እያጎላልኝ፣ ጣቴ እስኪያብጥ መታሁት። እማማ አንጓች መጥተው እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አደረጉ። "ሆዴ ውስጥ ገባ" አሉ። "ሞቶብኝ ከርሞ ነበር እኮ ይኸ ድምፅ።"

ዓርብ

ጠዋት ለሠርጉ ድልህ የሚሆን በርበሬ ይወቀጥ ነበር። እማማ አንጓችና ጎረቤታቸው አንድ ሙቀጫ ላይ በሁለት ዘነዘና ይቀባበላሉ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል። ጎረቤቲቱን ልጇ ጠራቻትና ሄደች። እማማ አንጓች ዘነዘናዋን ወደ እኔ ዘረጉ።

"እማማ፣ እኔ አልችልም፤ ትናንት አዩኝ አይደል?"

"ትናንት ጊታር ነው፤ ይኸ በርበሬ ነው። የኔ ሲወርድ ያንቺ ይነሣ። ብንጋጭ የሚሰበረው እጃችን ነው።"

መቁጠር ጀመርኩ። "አንድ፣ ሁለት..." ተጋጨን። ዘነዘናው ክንዴን አነዘረው።

"ሙቀጫ ይቆጠራል እንዴ?" ተቆጡ። "እኔን እይ እንጂ!"

አየኋቸው። ትከሻቸውን፣ ትንፋሻቸውን። ሦስቴ አራቴ ተጋጨን፤ ከዚያ አልተጋጨንም። እያስነጠስኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ስንቀባበል ቆየን። ሙቀጫው ያንን የሚያነክስ ሩጫ ይሮጥ ነበር፣ ያው ችክችካ! እኔም ውስጡ ነበርኩ። ሳቄ መጣ። ጋሽ ይርሳው ከመደባቸው ተነሥተው በር ላይ ቆመው ያዩናል።

"አንጓች፣ ያችን ጊታር አምጪ" አሉ።

ጊታሩ ጭኔ ላይ ሆነ፣ ጫፉም ያንን የእንጨት ሳጥን ተደገፈ። እሳቸው በቀኜ ተጠግተው ተቀመጡ። "አንቺ በግራሽ ክሩን ያዢ። መምታቱን ለኔ ተይው። እኔን እይ።" ቀኝ እጃቸው መታ፣ ግራ እጄ ያዘ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ያ የክበቡ ድምፅ ወጣ! ያው የልጅነቴ፣ የግድግዳችንን ኖራ የሚያራግፈው። ፀጉሬ ቆመ።

"ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" አሉ እማማ አንጓች፣ ዘነዘናቸውን እንደያዙ። "ይኸው ቤዛ መጣ።"

"ቤዝ ነው እማማ" አልኩ።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ሳለ ከፋኝ። የማልኩት ብቻዬን ልጫወት ነው። ግማሽ ጊታር ለመሆን ነው እንዴ ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት?

ቅዳሜ

ሃብታም መጣች። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ቸኳይ ልጅ ናት። አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው በቀኝ እጃቸው አቀፏት። "አባባ፣ ነገ ቃልዎን አይረሱም አይደል?" አለቻቸው። "ይርሳው ስሜ እንጂ ግብሬ አይደለም" አሏት። እኔን ደግሞ ከድሬ የመጣች የድሮ ወዳጅ ናት ብለው አስተዋወቁኝ። ቀኑን ሙሉ ዳስ ሲጣል፣ ድንች ሲላጥ ዋልን። ለመለማመድ ጊዜም ቦታም አልነበረም። ሰው በበዛበት አንድ ጊዜ ጓሮ ሄደን ስንሞክር በግ ለመጎተት የመጡ ሰዎች አባረሩን።

እሑድ

ሙሽራው ሊደርስ ሲል ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ገመዱ ተሰካ። ኪቦርድ ተጫዋቹ እኔን ሲያይ ወደ ጋሽ ይርሳው ጎንበስ አለ። "ፋዘር፣ ምንም አይጨነቁ፤ ቤዙን እኔ በግራ እጄ ኪቦርዱ ላይ እይዘዋለሁ። እርስዎና ማዘር ተቀምጣችሁ ብሉ። ኖ ፕሮብሌም።"

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሊያግዝ ብሎ ነው። ጋሽ ይርሳው ግን የልጁን ግራ እጅ አዩት። በጣም አዩት። "እንግዲህ..." ብለው ሊነሡ ሲሉ ጋቢያቸውን ያዝኩ።

"አቦ ተወን!" አልኩት ልጁን። "ቃል የገባው ኪቦርድ አይደለም። ይቀመጡ ጋሽዬ። እርስዎ ይምቱ፣ እኔ እይዛለሁ።" ያን ጊዜ ብቻዬን የሚለው ነገር ከሆዴ ወጣ፤ የት እንደሄደ አላውቅም።

ጀመርን። ከበሮው፣ ኪቦርዱ፣ እልልታው ሁሉ ከላይ ነው፤ እኛ ከታች። ዳሱ ውስጥ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያው ዙር አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጣቴ መንገድ ሳተብኝ፤ ላቤ መጣ። ጋሽ ይርሳው አንዷን ክር እየደጋገሙ ጠበቁኝ፣ በትከሻቸውም ነካ አደረጉኝ። የሳቸው ሲወርድ የኔ ይነሣል። ተመለስኩ።

ሃብታም ከሚዜዎቿ መሐል እየጨፈረች ወደ አያቷ መጣች። እየሳቀች ነበር። ድንገት ሳቋ ቆመ። ጊታሩን አየች፣ የኔን ጣቶች አየች፣ ጋቢውን አየች። ነርስ ናት፤ ማን ያታልላታል?

"አባባ፣ ግራ እጅዎ የት አለ?"

እሳቸው መምታቱን አላቆሙም። በአገጫቸው ወደ እኔ እጅ አመለከቱና፣ "ያውልሽ" አሏት።

ልጅቷ በቬሎዋ መሬት ላይ ተንበረከከች። ጋቢውን ገልጣ ያንን በድን እጅ አወጣችና ጉንጯ ላይ አደረገችው። የሽማግሌው እንባ በጢማቸው ወረደ። የኔም ወረደ። ቀኝ እጃቸው ግን አንዲት ምት አልሳተም፤ ጣቴም አንዲት ክር አልሳተም። ዘፈኗን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወትናት።

እልልታው ሲበርድ እማማ አንጓች ከኋላዬ መጥተው ግራ እጄን ያዙ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳሙ።

"ቤዛ ነው ስልሽ፣ ቤዝ ነው እያልሽ ስታርሚኝ ሰነበትሽ" አሉኝ።



ሰኞ

ስሸኝ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ጋቢና ብዙ ምርቃት ተሰጠኝ። ሃብታም ከጫጉላዋ ስትወጣ አያቷን ባሕር ዳር ሐኪም ለማሳየት ቀን ቆርጣለች። እሳቸውም ከአሁን ወዲያ የሚደብቁት የላቸውም። "ቀኝ እጅሽን ሙቀጫ ላይ አሠልጥኚው" ብለው መከሩኝ። ይኸው ድሬ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ ባዶ ሙቀጫ ስወቅጥ እያዩ አበደች ይሉኛል። ይበሉ፤ ያቺን ዘፈን ብቻዬንም ሳልጫወት አልተውም።

ደምበጫ ላይ አንዲት መነኩሲት ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ሻንጣዬ ጉልበታቸውን ሲነካቸው፣ "ይኸ ምንድር ነው ልጄ?" አሉኝ። መሣሪያ ማለት እንደሌለብኝ ተምሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ቤዛ ነው እማሆይ" አልኳቸው።

እማሆይ አማተቡና ጎንበስ ብለው ሻንጣውን ተሳለሙት። እኔም አላረምኩም።